አንጋፋው የምስጠራ ስልት ከሰርቨራችን ይነሣልኝ

ቀን፦ ኅዳር 9

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የታካሚ ፋይል የሚላክባቸው የምስጠራ ስልቶች ቅደም ተከተል እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ይህን አቤቱታ የማቀርበው በሆስፒታሉ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ባለሙያነቴም፣ እዚሁ ስትታከም የቆየች የአንዲት ሴት ታላቅ እህት በመሆኔም ነው። ሁለቱን ለመለየት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1. የታካሚዎች ፋይል ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ የሚሄደው ማንም በሚጠቀምበት የኢንተርኔት መስመር ነው። መንገድ ላይ እንዳይነበብ ተመስጥሮ፣ ማለትም ተቆልፎ ይላካል። የመቆለፊያው ስልት ብዙ ዓይነት ስለሆነ ሰርቨሩ ዝርዝር አለው። ከላይ ወደ ታች ያያል፤ ተቀባዩ ማሽንም የሚያውቀውን የመጀመሪያ ስልት ሲያገኝ በእርሱ ይልካል። ስለዚህ ጠንካራው ከላይ ይቀመጣል፤ መፍቻው የታወቀበት ያረጀ ስልት ጭራሹን ይወጣል። እኔም ያዘጋጀሁት እንደዚያ ነበር።

2. እንደሚያውቁት በመሥሪያ ቤታችን ሁሉ ነገር በአገልግሎት ዘመን ነው። የመኪና ማቆሚያው፣ የመስኮቱ ዳር ወንበር፣ የስብሰባ ሻይ ሳይቀር ከአንጋፋው ይጀምራል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ዝርዝሩ እንዲያጸድቀው ለኮሚቴው ሲቀርብ ግን ምክትልዎ የእያንዳንዱን ስልት ዕድሜ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ትናንት የመጣው አናት ላይ ተቀምጦ፣ ስንት ዘመን ያገለገለው ይባረራል? ነውር አይደለም እንዴ!» አሉና በዕድሜ እንዲደረደር ወሰኑ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔ «ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ ሰው አይደለም፤ ባረጀ ቁጥር ሌባ ይለምደዋል» ብል፣ «አንቺ ደግሞ ሁሌ ማንጓጠጥ ነው» ተባልኩ። በዕድሜ አልደረድርም ስላልኩ የመቀየር ፈቃዴ ተነሥቶ ሥራው ለሌላ ባለሙያ ተሰጠ። ያረጀውን ስልት የማያውቅ ማሽን የለምና ከዚያ ወዲህ ፋይሉ ሁሉ የሚላከው በእርሱ ነው።

3. ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ፋይሎች መንገድ ላይ ተጠልፈው ተፈቱና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንዱ የታናሽ እህቴ ነበር። እህቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። የአእምሮ ሕመሟን ከሐኪሟና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ በመድኃኒቷ ደህና ሆና ታስተምር ነበር። ወላጆች የክፍሏ በር ላይ ቆመው «ልጆቻችንን ለእብድ አንሰጥም» አሏት። ልጆቹ እየሰሙ! ዳይሬክተሯም «ነገሩ እስኪበርድ ቤትሽ ቆዪ» ብለው ሸኟት።

4. ሆስፒታሉ የሰጠን መልስ በቁስላችን ላይ እንጨት ሰደደ። «ታካሚዋ ራሷ ለጓደኛ አውርታ ሊሆን ይችላል» ይላል። ወይ ጉድ! ለወለደቻት እናቷ እንኳ ያልተነፈሰች ልጅ! ሆስፒታሉ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ጥፋቱ የስልቱ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላም ዝርዝሩ አልተነካም። ለምን ስል፣ የኮሚቴ ውሳኔ የሚሽረው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ አልተሰበሰበም አሉኝ።

5. እህቴ ሕክምናዋን አቋርጣለች። አትበላም፣ አትተኛም፣ መጋረጃ አታስከፍትም። ሐኪሟ በአስቸኳይ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ትሂድ ብለዋል። መሄድ ማለት ፋይሏ እንደገና መላክ ማለት ነው። እርሷም የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፦ «እትዬ፣ አሁንስ በየትኛው ነው የሚልኩት?» ሌላ ሰው ቢሆን «አታስቢ» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን በየቀኑ በዓይኔ እያየሁት አፌን ሞልቼ ደህና ነው ማለት አቃተኝ።

ስለዚህ ያረጀው ስልት ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ወጥቶ ጠንካራው ከላይ እንዲቀመጥ እንዲያዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ምክትልዎ ይቀጡልኝ አላልኩም፤ እርሱን ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ሥራው ሻይ ጠጥቶ የመነሣት ያህል እንኳ አይፈጅም፤ የጎደለው ከኮሚቴው በላይ የሆነው የእርስዎ ፊርማ ነው። እስኪፈርሙ ድረስ እህቴን «ሂጂ፣ ታከሚ» ብላት ዳግመኛ አዋርዳታለሁ፤ «ቅሪ» ብላት ትሞትብኛለች።

ምሬቴን ሳልደብቅ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ባለሙያ፣
የታካሚዋ ታላቅ እህት