የውሮ የምርመራ ወረቀት

ልጄ ኤልሮኢ፣

«አባዬ፣ የኔን ተወውና ውሮን አስከትባት» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ድመትሽ አልነበረም። ለማንኛውም የጌታ ሰላም ይብዛልሽ፤ ጁባ ያለን ሁሉ ደህና ነን።

ውሮን እዚሁ ጁባ፣ ጉምቦ ሰፈር ወሰድኳት። ኢትዮጵያ ያደገው የእንስሳት ሐኪም ማሉአል፣ «ደሟ ሳይመረመር፣ የድመት ደም ካንሰር የሚያመጣውን የሉኪሚያ ቫይረስ ክትባት አልሰጥም» አለኝ። ደሟን ሲቀዳም፣ «ጋሼ፣ እሷ መርፌውን ታያለች፤ ፊትዎን ያዞሩት እርስዎ ነዎት» ብሎ ሳቀብኝ። ከቫይረሱ ነጻ ስለሆነች ተከተበች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገምላታል። ውጤቷን በጽሑፍ፣ ማኅተም አስደርጌ ተቀበልኩ።

አንቺ አዲስ አበባ ለምርመራ ደም ከተቀዳሽ ወር አለፈሽ። እናትሽ ትስምሻለች፤ አልጋሽን በየቀኑ ታነጥፋለች። የላቦራቶሪውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ፣ ሐኪሙ ያለሽንም ቃል በቃል ጽፈሽ፣ እስከ ሰኔ አስራ አምስት ላኪልኝ።

አባትሽ ገብረየስ