ኮምፒውተሩን መልሰን አዘገየነው

ቅዳሜ ጠዋት፣ የስፌት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት

ለውድ ወንድሜ፣ ለቤታችን ኢንጂነር፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ባለፈው እሑድ በደንብ አይቼሃለሁና ለወጉ ያህል አልጠይቅህም። ፊትህ ወዝ አለው፣ ጉንጭህ ሞላ ብሏል፣ ጸጉርህንም ተቆርጠሃል። ደህና ነህ። እኛም አለን። በወረቀት መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ወረቀት ጥሩነቱ መሃል ላይ አይቆምም፤ የጀመርኩትን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ዋናው ዜና ኮምፒውተሩ መሠራቱ ነው። አዎ፣ ያ አንተ “በቃ አርጅቷል፣ ምንም አይደረግለትም” ያልከው። ከፍቼው ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ ገና ያቺን ክብ ነገር እያሽከረከረ የሚጠብቀኝ። ለአንተ የእሑድ ጥሪ እማዬ ከቁርስ በፊት ነበር የምትከፍተው፣ “እስኪነቃ ጊዜ ይፈልጋል” እያለች። እንደ ሕፃን ነበር የምትይዘው። ሲሞቅ ይንቀራፈፋል ብለህ ከነገርካት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ የክር ካርቶን ክዳን ይዛ፣ አንተ ስክሪኑ ላይ ከመጣህ እስክትሄድ ታራግብለታለች። ቀኝ እጇ ሲደክም በግራ። አንድ ቀን ትከሻዋ ሲወዛወዝ አይተህ “እማዬ፣ ትጨፍሪያለሽ እንዴ?” ብለህ ስቀሃል። እሷም ሳቀች። እያራገበችልህ እንደሆነ አልነገረችህም።

ሌላም ያልነገረችህ ነገር አለ። አንተ አፍህን ከፍተህ ስክሪኑ ላይ ደርቀህ በቀረህ ቁጥር “ነገሬ ረዝሞበት ነው” ትላለች። ረጅም ንግግር ማሽኑን ያደክመዋል ብላ ደምድማለች። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስትዘመዝም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ለእሑድ የምትነግርህን እያጠናች ነው። ከላይ ትቀንሳለች፣ ከታች ትቆርጣለች፣ ሰላምታውን ታወጣለች፣ የጎረቤቱን ወሬ ትተዋለች። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ትቀራለች፤ መቼ ትመጣለህ የምትለዋ። እሷኑ እንኳ ሳትጨርሳት አንተ ትቆማለህ። ከዚያ ጥሪው ይቋረጣል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም “ኮምፒውተራችሁ አስቸገረ፣ ሳምንት እንሞክራለን” የሚል መልእክት ይመጣል።

ያሠራሁት በዓይኗ ምክንያት ነው። ስለ ዓይኗ ታውቃለህ። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

መንገዳችን ጫፍ ላይ ያለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ታስታውሰዋለህ፤ ለፍላፊው የምንለው። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሱቅ እስኪዘጋ የሚያወራ። ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልዬ እንደ በሽተኛ ተሸክሜ ወሰድኩለት። ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሣ እሱ ራሱ ዝም አለ። ለፍላፊው ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ውስጡ በክርና በጨርቅ ብናኝ ታጭቋል። የራሱ ማራገቢያ መዞር አቅቶት ታንቋል። “ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ፍራሽ?” አለኝ። የስፌት ማሽኖቻችን አጠገብ ነበራ የሚቀመጠው። እማዬ በካርቶን ስታራግብለት ብናኙን ወደ ውስጥ እየነዳችበት ኖራለች። አንተን ደረትህ ደካማ ነው ብላ ከስፌት ክፍሉ አርቃ፣ ማታ ማታ ትንፋሽህን እያዳመጠች ያሳደገች ሴት፣ ለኮምፒውተሩ ግን አላሰበችለትም።

ከአቧራው ቀጥሎ አንተ መጣህ። በስልክ እየመራህ ያስጫንከን ሁለተኛው አንቲቫይረስ ነበር አይደል? ለፍላፊው ራሱን ያዘ። “አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ አቁማችሁ እርስ በርሳቸው ሲፈታተሹ ይውላሉ፤ ባለቤቱ እንዴት ይግባ?” አለ። አንዱን አስወጣው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችም ነበሩ፤ “ይጠቅሟችኋል” ብለህ የጫንካቸው። እነሱንም ካልተጠሩ እንዳይነሡ አደረጋቸው። ዲስኩ ደግሞ ሞልቶ መተንፈሻ አጥቷል። ምን ሞላው መሰለህ? አንተ። አንተ ከመኪናህ ጋር፣ አንተ ከሐይቁ ጋር፣ አንተ ከሌላው መኪናህ ጋር። ለፍላፊው “ግማሹን እናጥፋው” ሲል አብራኝ የመጣችው እማዬ “አንድም አይነካም” ብላ በሩ ላይ ቆመች። ስለዚህ የማይሽከረከረውን፣ ፈጣኑን አዲስ ዲስክ ገጠመለትና ፎቶዎችህ አንድ በአንድ ተሻገሩ። ሚሞሪም ጨመረበት። እንዲያ ነው የሚፈጥነው፤ አንተ ያልነገርከን ይህን ነው። ያን ቀን ቁልፉን ስጫነው ገና እጄን ሳላነሣ ተከፈተ።

ልናስደንቅህ ብለን ደበቅንህ። እሑድ ደወልክ። እማዬ ካርቶኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ እንደ ልዕልት ተቀምጣለች። ስለ አዲሱ ቤትህ አወራህ፤ ስለ ወለሉ፣ ስለ ግቢው፣ ስለ ጎረቤትህ ውሻ። ነገርህ እንደ ጅረት ወረደ፣ አንዴም አልተቆራረጠም። እማዬ እኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ አየሽ፣ አልቆመም ማለቷ ነው። ደስታዋ ሆዴን አባባው። ከዚያ እንደ ሰው ዘና ብላ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ጀመረች።

“ልጄ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መቼ ነው የምትመጣው?”

ቆምክ።

ጣትህ ወደ ላይ፣ አፍህ ገርበብ፣ ዓይንህ ፈጥጦ። አቤት ስትችልበት! ብዙ ጊዜ ሳትለማመድ እንደዚያ አይቻልም። እኔም “ይሄ ለፍላፊ ጉድ ሠራን” ልል ነበር። ግን ከፊትህ ካለው ኩባያ እንፋሎቱ ይወጣል። ቀጥ ብሎ፣ ተጠማዝዞ፣ ወደ ላይ። ከኋላህ መጋረጃው በነፋስ ተነሣ፣ መልሶ ወደቀ። በክፍሉ ውስጥ የቆምከው አንተ ብቻ ነህ።

ልዘጋው እችል ነበር፤ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። አልዘጋሁትም። “ትንሽ ጠብቂ እማዬ፣ ይመለሳል” አልኳት። እስከ መቼ እንደምትችል ማየት ፈለግሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። የሸሚዝህ ቁልፍ ንቅንቅ አይልም፣ ግንባርህ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል፤ እኔ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ እንደ ትርኢት አየሁህ። እማዬ ግን ካርቶኗን አነሣችና ማራገብ ጀመረች። አንተ ደረቅ ብለህ፣ እሷ እያራገበችልህ። ይህን በሕይወትህ ሙሉ እንድታስታውሰው ነው የምጽፍልህ።

“አሁን አይሰማኝም አይደል?” አለችኝ።

“አይሰማሽም” አልኳት፣ ዓይን ዓይንህን እያየሁ።

“ይሁን፣ ልንገረው” አለች። ነገረችህ። ግራ ዓይኗ ፈጽሞ እንደሄደ፣ ቀኙም እየተከተለው እንደሆነ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመች እንደቆየች። ሐኪሙ “ቀዶ ሕክምናም አይመልሰውም፤ ማየት የምትፈልጊውን አሁን እዪ” እንዳላት። “እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው ብዙ አይደለም” አለች። “ሌላውን ሁሉ አይቼዋለሁ። በስክሪን ሳይሆን እዚህ፣ በሩ ላይ፣ ቁመትህን ሳይቀር ነው ማየት የምፈልገው። ከዘገየህ ድምፅህ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።” ሁሉንም ሰማህ። ማንቁርትህ ወጣ፣ ወረደ። ሌላ ምንም አላንቀሳቀስክም። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

መልእክትህ የመጣው ወዲያው ነው። “ደግሞ ቆመባችሁ? አቧራውን አጽዱት፣ ሚሞሪ ጨምሩበት፣ ካልሆነ አዲስ ነው የሚሻላችሁ።” እማዬ “ምን አለ?” አለችኝ። “ናፍቃችሁኛል ይላል” አልኳት። ለአንተ ስል እንዳይመስልህ።

አላየችም ብዬ ነበር የማስበው። በዚያ ዓይን እንፋሎት አይታይም፣ መጋረጃም አይለይም። እንዳታውቅ ብዬ እኔው አፌን ያዝኩ። ሰኞ አብረን ቀሚስ ስንዘመዝም ግን ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

“ያን ኮምፒውተር ለፍላፊው እንደ ድሮው ያድርግልን።”

“ምኑን?”

“እንደ ድሮው ቀርፋፋ ይሁን። ፈጠነብኝ፣ ዓይኔ አይከተለውም።”

ለፍላፊው ያለውን ብትሰማ! “ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራ ኮምፒውተሬን አዘግይልኝ ብሎ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። እህቴ፣ ደህና ነሽ?” አለ። ደህና ነኝ፣ ወንድም አለኝ አልኩት። እያጉረመረመ የድሮውን ዲስክ መለሰ፣ የጨመረውን ሚሞሪ ነቀለ፣ ሁለቱን ዘበኞች በሩ ላይ አቆማቸው። አቧራውን ብቻ መመለስ አልቻልንም። እሱን ስፌታችን ቀስ በቀስ ይሞላዋል።

ስለዚህ ከእንግዲህ አትቸገር። ማሽኑ ራሱ ይቆምልሃል። ጣትህን መቀሰር፣ አፍህን ገርበብ ማድረግ አያስፈልግህም። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ ያሉትን እሑዶች ግን እንደምንም ቻላቸው፤ መቼም ልምዱ አለህ። ከተቻለህ ሻይህን አቀዝቅዘህ ጠጣ፣ መስኮትህንም ዝጋ። አንተን የሚያሳጣህ እንደ እኔ ያለ ክፉ ዓይን ነው፣ እሱ ደግሞ አልታመመም።

ተቆጥታ ጻፈችልኝ ካልክ ልክ ነህ፣ ተቆጥቻለሁ። አትምጣ ግን አላልኩህም። ቤቱ የት እንዳለ ታውቃለህ፣ በሩም አልተቀየረም። ከመጣህ በጠዋት ና፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ደከም ሲል ቀኝ ዓይኗም አብሮ ይደክማል። ከቀረህም ፈጣሪ ጤና ይስጥህ፣ አዲሱ ቤትህ የደስታ ይሁንልህ፣ ልጅ ወልደህ አሳድገው፣ ያሳደግከው ልጅም በየእሑዱ ይደውልልህ። ስመርቅ እንደዚህ ነው የምመርቀው።

ፖስታውን ልዘጋው ስል እማዬ መጣች። አሁን ማንበብ ስለማትችል አልደበቅኋትም። እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ “ለእሱ ነው?” አለች። አዎ አልኳት። “ሰላም በይልኝ” አለች። ሌላስ? ስላት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እንደ ልማዷ ንግግሯን እየቀነሰች ነበር። ያለችውን ቃል በቃል ጽፌልሃለሁ።

“እንደዚያ ትንፋሹን ይዞ አይቆይ በይው። ደረቱ አይችልም።”

እኔ ስለ ትንፋሽህ አንድም ቃል ነግሬያት አላውቅም።

እህትህ