ቀኔን ስላላበላሻችሁብኝ

ለተከበሩ ዳይሬክተር ጌንግ፣ የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይ አባትዎ በሕይወት ካሉ ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሱዡና ቶንግሊ ጥንታዊ የቻይና ከተሞች በጽሕፈት ቤትዎ ጋባዥነት የተጓዝን ተማሪዎች የተሰማንን ጽፈን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንድንለጥፍ ባዘዙት መሠረት፣ ከታጂኪስታን የመጣሁት ተማሪዎ ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ስለ አትክልት ስፍራው። ኩሬው፣ ድንጋዩ፣ ሎተስ የሚሉት የውሃ አበባ ሁሉም በቦታው ነበር። ጉዞውን የምትመራው መምህርት ሸን «ነይ ሳዮራ፣ እዚህ ጋ ቁሚ፤ ፈገግ በይ እንጂ፣ መታወቂያ ልናወጣልሽ አይደለም» ብላ በራሴ ስልክ ፎቶ ስታነሳኝ ስልኩ ጠራ። እልፍ ብላ አነጋገረችና ተመልሳ «ባትሪሽ አልቋል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይቀመጥልሽ» አለችኝ። ለንብረቴ ስለተደረገው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

2. ስለ መስተንግዶው። ወደ ቶንግሊ ስንሄድ መምህርት ሸን ከጎኔ ተቀምጣ የሎተስ ፍሬ እየፈለፈለች፣ መራራውን ውስጡን እያወጣች መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ጓደኞቼ «አንቺማ ልጇ ሆነሻል፣ እኛንም አስታውሺን» እያሉ ቀለዱብኝ። ደስ ብሎኝ በላሁ። ድልድዮቹን ተሻገርኩ፣ በጀልባ ዞርኩ፣ ሳቅሁም።

3. ስለ ስልኩ። የደወለው ወንድሜ ኻይሩሎ ነበር። ሩሲያኛ ለምታውቀው መምህርት ሸን «አባታችን እየደከመ ነው፣ እሷን እየጠራ ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ልያዝለትና አንድ ቃል ትበለው» ብሏታል። እሷም «ፈተና ላይ ነች ልጄ፣ ስትወጣ እነግራታለሁ» ብላ ዘጋችው። ወዲያው ለእርስዎ ደውላ ስታማክርዎ «ከጉዞው በኋላ ይነገራት» ያሏት እርስዎ ነዎት። አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል። በእኛ ዘንድ ሟች አያድርም፤ አውቶቡሳችን ማምሻውን ግቢ ሲደርስ ተቀብሮ ነበር።

መርዶውን የነገረችኝ ሌሎቹ ከወረዱ በኋላ ነው። «ቀንሽን ላበላሽብሽ አልፈለግሁም» አለችኝ። «እኔም ተማሪ ሳለሁ የእናቴን ሞት የነገሩኝ ፈተናዬን ስጨርስ ነው። እኛ ልጆቻችንን እንዲህ ነው የምንጠብቀው።» ይህን ብላ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። አራት ዓመት እዚህ ስኖር ለሩቅ ተማሪ ክፉ ወሬ እንደማይነገር አላጣሁትም፤ የእኔ ተራ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ልጠላት ሞክሬ አቃተኝ። እርስዎን መጥላት ስለሚቀለኝ ደብዳቤውን ለእርስዎ ጻፍኩ።

ለአባቴ ልለው የምፈልገው ረጅም ነገር አልነበረም። «አባባ፣ እዚህ ነኝ» ብለው ይበቃኝ ነበር።

የጽሕፈት ቤትዎን ቸርነት በዕድሜ ዘመኔ ሁሉ ለመርሳት የምጥር ታዛዥ ተማሪዎ፣
ሳዮራ ረጃብዞዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው የሚለውን ቅጽ እንደ አዲስ ሞልቻለሁ። የአባቴን ስም ሰርዤ የእናቴን አስገብቻለሁ። እሷ ከደወለች፣ ፈተና ላይም ብሆን፣ እየሳቅሁም ብሆን፣ እባክዎ ስልኬን ይስጡኝ።