ስለ ሽሪምፕ ቅርፊትና ስለ ጣቶቼ

ቀን፦ ሰኔ 11

ለዓሣ ገበያው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሽሪምፕ ላጪ ሴቶች ላይ ያቀረብኩት ክስ ተሽሮ ሴቶቹ ወደ መጠለያቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከሽሪምፕ ቅርፊት ዱቄት የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ገበያው "ፕሮፌሰር" ይለኛል፤ ማሾፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ አስተምሮኛል፤ የቀረውን ከመጻሕፍትና ካበላሸኋቸው በርሜሎች ተምሬአለሁ።

2. ሥራዬ እንዲህ ነው። ላጪዎቹ ሴቶች የሚያቀብሉኝን፣ ድሮ ተደፍቶ አካባቢውን ያገማ የነበረውን ቅርፊት አጥቤ በቀጭን አሲድ እዘፈዝፈዋለሁ። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ኖራው ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኮስቲክ ሶዳ እቀቅለዋለሁ፤ የቀረው ሥጋ ይለቃል። የሚተርፈው ኪቲን ይባላል። ደርቆ ሲፈጭ ደንበኛዬ የሆነው የችግኝ ጣቢያ ባለቤት ከአፈር ጋር እየቀላቀለ ችግኞቹን ያጠነክርበታል። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በመጨረሻው እጥበት ነው፤ ሶዳው ሙልጭ ብሎ ካልወጣ ዱቄቱ ሥር ያቃጥላል። ሶዳ ያለበት ውኃ በጣት መካከል ያሟልጫል፣ ንጹሕ ውኃ አያሟልጭም። እኔ ምንጊዜም የለካሁት በጣቴ ነው።

3. ባለፈው ያስረከብኩት ዱቄት ችግኝ አቃጠለ። የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ቅጠላቸው የተጠበሰ ችግኞች አምጥቶ ደጃፌ ላይ ደረደራቸው። እኔም ሳላጣራ ጥፋቱን ላጪዎቹ ላይ ጣልኩት። ቅርፊቱ ውስጥ የዓሣ አንጀት እየቀላቀሉ ስላስቸገሩኝ ገሥጬአቸው ነበርና፣ ቂም ይዘው ጠረጴዛ የሚያጥቡበትን ሶዳ ሆን ብለው ይደፉበታል ብዬ ለክቡርነትዎ አመለከትኩ። የላጪዎቹ አለቃ የገዛ ልጄ መሆኗን በዚያ ማመልከቻ አልጠቀስኩም። ያን ጊዜ ይህ ለፍትሕ ማድላት ይመስለኝ ነበር።

ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት ልጄ፣ "አባዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ያቺን ወረቀት ንከራት፤ ምን ይጎዳሃል?" ብላኝ ነበር። ወረቀት ያለችው ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊ የሚለወጠውን መለኪያ ነው። የችግኝ ጣቢያው ባለቤት በስጦታ ሰጥቶኝ ሳልከፍተው መደርደሪያ ላይ ጥዬው ነበር። "ወረቀት የሚያስፈልገው ጣት ለሌለው ነው" አልኳት፤ በባልደረቦቿ ፊት። ሴቶቹ ሳቁ። የሳቁት በእሷ መስሎኝ ደስ አለኝ።

4. ጽሕፈት ቤቱ የእኔን ቃል አምኖ ሴቶቹን ጣሪያና ቧንቧ ካለው መጠለያ አስነሥቶ ከበረዶ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ አዛወራቸው። ሜዳው ፀሐይ ነው። ሽሪምፕ ፀሐይ አይችልም፤ ገዢዎችም እዚያ ድረስ መሄዱን ትተዋል። አንዳንዶቹ ሴቶች መምጣት አቁመዋል። ልጄ ግን ሳፋዋ ላይ እርጥብ ጆንያ ጥላ ትቀመጣለች። በአጠገቧ ሳልፍ "እንደምን አደሩ" ትለኛለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ "አንተ" ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

5. ሴቶቹ ከተነሡ በኋላ ሽሪምፑን ራሴ ገዛሁ፣ ራሴ ላጥኩ፣ ቅርፊቱን ራሴ አጠብኩ። ሌላ ሰው አልነካውም። ጣቴን ነከርኩ፤ አላሟለጨኝም። ችግኙ እንደገና ተቃጠለ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ከመደርደሪያው አውርጄ ዱቄቱን በበጠበጥኩበት ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ድፍን ሰማያዊ ሆነ። ወረቀቱ ተበላሽቷል አልኩ። አንድ ባልዲ የቧንቧ ውኃ፣ አንድ ባልዲ የሶዳ ውኃ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በየተራ ከተትኩ። ሁለቱ አንድ ነበሩ። ሶዳው ለብዙ ዓመታት ጣቶቼን ሲበላ ኖሮ ስሜታቸውን ጨርሶታል።

ይህንንም ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ሳስገባ ጸሐፊዋ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክታ ብትጫን ብትጫን መስመር የሌለው ጥቁር ነጥብ ብቻ ወጣ። "አባባ፣ አሻራዎን ቤት ረስተውት መጡ እንዴ?" ብላ ቀለደች። "ቀለምሽን ቀይሪ!" ብዬ ጮህኩባት። እርሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀለሙ ቀጭን ስለመሆኑ ግን አሁንም ቃሌን አላጥፍም።

6. ስለሆነም የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ቀድሞ ያቀረብኩት ክስ ሐሰት ነው ተብሎ እንዲሻር። ጸሐፊዋ "በዕድሜ ምክንያት የደረሰ ስሕተት ብንለውስ?" ያለችኝ በደግነት ነው፤ አልቀበለውም። የደከሙት ጣቶቼ ናቸው። ሴቶቹን የከሰሰው አፌ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም አልደከመም።

ለ) ሴቶቹ ሳይውል ሳያድር ወደ መጠለያቸው እንዲመለሱ። የመነሣታቸው ማስታወቂያ የገበያው በር ላይ ተለጥፎ ሁሉም አንብቦታል። የመመለሳቸውም እዚያው በር ላይ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ተገልጾ ይለጠፍልኝ።

ሐ) እጥበቱን ሌላ ሰው በወረቀት ሳያረጋግጥ ከክፍሌ ዱቄት እንዳይወጣ በጽሑፍ እንድታዘዝ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ካልታዘዝኩ ነገ ተነሥቼ ጣቴን መንከሬ አይቀርም። ያ ሌላ ሰው ልጄ ብትሆን በወደድኩ ነበር። ይህን ግን የምጽፈው እንዲታወቅ ያህል ነው፤ በትእዛዝ እንዳትጠየቅብኝ። የምትጠየቅ ከሆነ ሜዳው ድረስ ሄጄ፣ በእነዚያው ባልደረቦቿ ፊት፣ ራሴ እጠይቃታለሁ።

ክቡርነትዎ ይህን ጽሑፍ ሲያዩ ከፊርማዬ አጠገብ ያለው ጥቁር ነጥብ የፈሰሰ ቀለም እንዳይመስልዎ። አውራ ጣቴ ነው።

አንገቴን ደፍቼ፣ ከሰላምታ ጋር

የቅርፊት ዱቄት አዘጋጁ
(ፊርማና አሻራ)

ግልባጭ፦
ከበረዶ ቤቱ ጀርባ ላሉት ሽሪምፕ ላጪዎች