ሰማያዊው ቧንቧ መስሎን ነበር

አይ፣ ካርታውንስ አይተነዋል። አባቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን እርስዎ ለቅሷችን ላይ መጥተው «ካርታው ተለጥፎ ነበር እኮ፣ ሰው አያይም» ሲሉ፣ እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ እንጂ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

ለተከበሩ አቶ በኃይሉ፣ የካርታው ክፍል ኃላፊ፤ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ፎቅ ድረስ ጎርፍ አይወጣም፣ አልሐምዱሊላህ።

ሀጀራ ከድሮ እባላለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ነው የምቀነጥሰው፤ አጻጻፌ ካስቀየመዎ ይቅርታ።

፩. ካርታውን ኮሪደራችሁ ላይ ስለለጠፋችሁ እናመሰግናለን። አባቴ መታወቂያ ሊያሳድስ መጥቶ ሲያየው ወንዝ ዳር ያለው ሰፈራችን ሰማያዊ ተቀብቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቧንቧ ይገባላችኋል ሲባል ለኖረ ሰው ሰማያዊ ምን እንደሚመስለው እርስዎ ይንገሩኝ። እየሳቀ ቤት ገብቶ እናቴን «ሰፍያ፣ ሰማያዊው ውስጥ ገብተናል» አላት። ጎረቤታችን አብዱልሃፊዝ ነጩ ላይ በመቅረቱ ተናዶ የእሱም ቤት ሰማያዊ ይደረግልኝ ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ቢሮዎም ማመልከቻውን ተቀብሎ፣ ማህተም መትቶ፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታይልሃል ብሎ ሸኘው። ስለ መስተንግዷችሁ እናመሰግናለን።

፪. አባቴ የቧንቧ ሠራተኞቹ እንዳይደክሙ ብሎ ከመንገዱ እስከ በራችን ድረስ ቦይ ቆፈረ። አምስት ቀን ፈጀበት፣ ከዚያ ወገቡን ያዘውና ተኛ። ሐሙስ ከሰዓት እኔና እናቴ ገበያ ሳለን ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ይዞ መጣ፤ ቦዩን ሲያገኝ ታጠፈና ቀጥ ብሎ እኛ ቤት ገባ። ለካ ሰማያዊው ውሃ የሚገባለት ሰፈር ሳይሆን ጎርፍ የሚበላው ሰፈር ኖሯል። ስንደርስ ፍራሹ በሩ ላይ ተወትፎ ነበር፤ አባቴ ከውስጥ ነው።

፫. ይሄኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። አባቴ ካርታውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጥቶ፣ ከስር ያለችውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቢልኝ ብሎኝ ነበር። አላውቅም ማለት ለእኔ ሞት ነው። ከዚያ ሁሉ ቃል የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ «ውሃ ነው የሚለው፣ አባ» አልኩት። «ጎሽ፣ ልጄ» አለኝ። እናቴ ይህንን አታውቅም። ማንበብ አትችልም፣ የማነብላትም እኔ ነኝ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤
የሰማያዊው ሰፈር ነዋሪ የነበረችው ሀጀራ

ማስታወሻ፦ አዲሱን ካርታ ስለለጠፋችሁም እናመሰግናለን፤ ቀለም አልጎደለውም። አሁን የተከራየነው ቤት ቢጫው ላይ ነው፣ ማብራሪያው ዘንድሮም እንግሊዝኛ ነው። ቢጫ ምን እንደሆነ ልጠይቅ ዛሬ ጠዋት ስመጣ፣ ሁላችሁም ለስልጠና ወልቂጤ ሄዳችኋል ተባልኩ፤ ስለ አደጋ መከላከል ነው አሉኝ ዘበኛው። ከተራራው በላይ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። እናቴ ዕቃውን ልጠቅልል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ገምቼ ለሰው አልናገርም። ይህንን ደብዳቤ እርስዎም ባሉበት በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ለቅቄዋለሁ፣ ስልክ ቁጥሬም እዚያው አለ። ሌላ ምንም እንዲሉኝ አልፈልግም፤ ቢጫ ማለት ውጡ ነው ወይስ ተቀመጡ? ሳይመሽ ይደውሉልኝ።