ሦስተኛው ዳዶ

ይድረስ ለምወድህ ለአባቴ፣

እንዴት ነህ አባዬ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። ያስቸገረን ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ስልክ መደወል የተውኩት አኩርፌ እንዳይመስልህ። ጆሮህ እምቢ ካለ ወዲህ የማወራውን ሁሉ የምታቀብልህ እማዬ ናት። እሷን ደግሞ ታውቃታለህ፤ ግማሽ ሰዓት የለፈለፍኩትን «ደህና ነኝ ትላለች» ብላ ትዘጋዋለች። ያንተን ወሬ ለእኔ ስትነግረኝ ግን አታሳጥርም። ከቤት መውጣት እንደተውክ፣ የመሣሪያ ሳጥንህንም ለሰው ልትሰጥ እንደሆነ ነግራኛለች። «የማይሰማ መካኒክና የደነዘ መጋዝ አንድ ናቸው» አልክ አሉ። ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ሳጥኑን እስኪ ለጊዜው አትስጥ፤ የምነግርህ ጉድ አለ።

ፒካፕ ገዛሁ! አሮጌ፣ የናፍጣ። አትክልቴን በሰው መኪና ማመላለስ መሮኝ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጓሮው ውስጥ ጥሏት ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ናት፤ ብቻ ከፊቴ ትነሳልኝ ብሎ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጠልኝ። ሣር ወለሏን ሰንጥቆ ጋቢና ገብቷል። አየር በምትስብበት ቱቦ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ከመቀመጫው ሥር እንቁላል አገኘሁ። ባለቤቴ ዞሮ ዞሮ አያትና «ይቺ መኪና አይደለችም፣ የመኪና ሬሳ ናት» አለኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስለው፣ «እንቁላሉስ ይሄዳል፤ እኔ የምጠራጠረው መኪናዋን ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እዚያው ጓሮ ውስጥ አንተ እንዳስተማርከኝ ጀመርኩ። ዝቃጭ የሆነውን ናፍጣ አፈሰስኩ፣ ታንከሩን አጠብኩ፣ ፊልትሮና ዘይት ቀየርኩ። ሞተሩን በትልቅ ቁልፍ ይዤ በእጄ ሳዞረው እያጉረመረመ ዞረልኝ። የእጅ ፓምፗን እየተጫንኩ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ከመስመሩ አየሩን አስወጣሁ። ባትሪ ከጋጋሪው ተዋስኩና ቁልፉን አዞርኩ።

መጀመሪያ አቃሰተች። ቀጥላ ነጭ ጭስ ተፋች። ከዚያ አንዱ ሲሊንደር ያዘ፣ ሌላው ተከተለው፣ መላ አካሏ ተንቀጠቀጠና ተነሳች! ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ጋጋሪው እጁን ሊጥ እንደሸፈነው ሮጦ ወጣ። ያ ቀልደኛ ባለቤቴ አፉን ይዞ ቀረ። እኔማ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ካንዴላ የላት፣ ብልጭታ የላት፤ አየር ስለተጨመቀ ብቻ ግሎ ናፍጣውን ያነደዋል። ልጅ ሆኜ ስትነግረኝ ተረት ይመስለኝ ነበር። ያን ያህል ዓመት ዝም ያለ ብረት ዓይኔ እያየ ነፍስ ዘራ።

መዳፌን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ ድምፁ በእጄ ገብቶ እስከ ትከሻዬ ወጣ። ለአፍታ ጆሮዬን በሁለት ጣቴ ደፈንኩና በክርኔ ተደገፍኳት። አባዬ፣ ድምፁ ሁሉ እዚያው አለ። አንዱም አልጎደለም።

በአንድ ነገር ብቻ አስቸገረችኝ፤ ታንኳኳለች። ልጅ እያለሁ፣ ከጎማ ቁመት ሳልበልጥ፣ ናፍጣ ከሚረጩት ከአራቱ ኖዝሎች የታመመውን እንዴት እንደምለይ አሳይተኸኛል፦ ሞተሩ እየሠራ የቱቦዎቻቸውን ማሰሪያ ዳዶ ተራ በተራ ላላ ማድረግ ነው፤ ኳኳታው ዝም ያለበት እሱ ነው። እኔ ግን ማወቅ አቃተኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ ሰንፏል መሰለኝ። የሠፈሩ መካኒክ «ላንድ አፍታ ልየው» ብሎ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል፣ አባቴ ሳያያት ማንም አይነካትም ብዬ መለስኩት። ባለቤቴ ተገርሞ አየኝ። እኔ እጄን በጨርቅ መጥረግ ያዝኩ።

እንዲህ እያንኳኳች ረጅም መንገድ ይዣት ልወጣ አልደፍርም፤ ስለዚህ መምጣት ያለብህ አንተ ነህ። አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሳጥንህን ይዘህ ና። መዳፍህን ብቻ አሳርፍባት፤ ሌላውን እሷው ትነግርሃለች።

እማዬን ሳምልኝ፤ ይህንንም እንዳታሳጥረው በላት። ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ እጅህን ይባርክልኝ፣ በደህና ያገናኘን።

ናፍጣ ናፍጣ የምትሸተው ልጅህ

የረሳሁት፦ ሳጥኑ ከከበደህ አንድ ኖዝል ብቻ ይዘህ ና፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ረጅሙን ቁልፍ ግን እንዳትረሳ፤ ሦስተኛውን ዳዶ መልሼ ሳስረው ሳላስበው ከልክ በላይ አጥብቄዋለሁ።