ሌባውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ላስያዙልን ኃላፊ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን የልጆችና የታዳጊዎች ንባብ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸዎ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ አርባ አንድ ዓመት ቁልፍ ስሠራ ኖሬ አሁን በዓይን ሞራ ምክንያት ቁልፉን ከቀዳዳው መለየት የተሳነኝ ሽማግሌ፣ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የታመመው በእርስዎ ደረጃ ላይ ስለሆነ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት አይደለም። የእጅ ጽሑፌ የተለቀው በንዴት ሳይሆን በዓይኔ ምክንያት መሆኑን ይወቁልኝ፤ ንዴቱ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው። ይህን ያህል የሚሰበሰብ ሰው ወገቡን እንዳያመው መስጋቴን ግን አልደብቅዎትም።

ጉዳዬ የልጅ ልጄ ናት። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ የያዘችውን ስለማትለቅ እኔ ቆንጥር እላታለሁ፣ እሷም በፈንታዋ አባባ ዝገቱ ትለኛለች። አምና መምህርቷ አስጠርታን ልጅቷ ፊደል ትቆጥራለች እንጂ አታነብም፣ እንዲህ ከቀጠለች ክፍል መድገሟ ነው አለችን። እናቷ ተቆጣቻት፣ አባቷ ለመናት፣ እኔ ግን ተንኮል ሠራሁባት። «ዓይኔ አላይ ብሎኛል፣ አንብቢልኝ» ብዬ ከእርስዎ መደርደሪያ፣ ሌባው ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ከሚደብቁት የታዳጊ ልብ ወለዶች አንዱን ተዋስኩ፤ ነገሩ ሊፈላ ሲል ጠብቄም እያንኮራፋሁ የተኛሁ መሰልኩ። እሷ እኔን መቀስቀሱን ትታ ብቻዋን ቀጠለች። በአራተኛው መጽሐፍ ላይ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አነሳች። አንዲት ልጅ ጣቷን ከመስመር ስታነሳ ማየት፣ ክቡርነትዎ፣ አርባ ዓመት የተዘጋ በር ሲከፈት ከማየት ይበልጣል።

ከዚያ እርስዎ ደረሱልን። ከሁለት ወር በፊት «ታዳጊዎች በጥርጣሬ እንዳይጨነቁ» ተብሎ በእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የይዘት መግለጫ የተባለ ወረቀት ተለጠፈ። መግለጫው የጥፋተኛውን ስም አይጠራም፤ ለዚህ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ችግሩ ቋንቋችን ምስጢር መያዝ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ አንድ ግሥ ብቻ ሹክ ቢሉት አድራጊው ወንድ ይሁን ሴት፣ ጎረምሳ ይሁን አዛውንት ዘርግፎ ያወጣዋል። ቅሬታዎቼንም በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የትምህርት ቤት ደወል የሚጠፋበት መጽሐፍ ነበር። ተጠርጣሪዎቹ ጎረምሳው ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ሽበታሙ ርእሰ መምህር ናቸው። መግለጫዎ «ሌባው ደወሉን ለምን እንደሰረቁት በማሳየት ታማኝነትን ያስተምራል» ይላል። ቆንጥር ይህን አንብባ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ጣለችና «በቃ፣ ርእሰ መምህሩ ናቸው» አለችኝ። ልጅቷ እንዳታመልጠኝ ብዬ «ሦስቱም ተባብረው ሰርቀውት ይሆናል እኮ» ብላት «ታዲያ ሌቦቹ አይልም ነበር?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ሌባን አንቱ የሚል መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ለጨዋነትዎ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ።

ሁለተኛ፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስም የሌለው የስድብ ደብዳቤ በየበሩ ሥር ይገባል። አራት ወንዶችና አንዲት ልብስ ሰፊ ይጠረጠራሉ። መግለጫዎ «ጸሐፊዋ በመጨረሻ መጸጸቷ የሚደነቅ ነው» ብሎ አራቱን ወንዶች በአንዲት «ዋ» በነጻ አሰናበታቸው። እንዲህ ፈጣን ፍርድ ቤት ሌላም ቦታ ቢኖረን ምን ነበረበት!

ሦስተኛ፤ ይህኛው ልቤን ወግቶታል። ከተቆለፈ መሳቢያ ኑዛዜ የሚጠፋበትን መጽሐፍ ቆንጥር ስድስት ሳምንት ወረፋ ጠበቀችለት። ቁልፍ ያለበት ነገር ስለሆነ እኔም እንደ ልጅ ጓጉቼ፣ መሳቢያው እንዴት ሳይሰበር ሊከፈት እንደሚችል ሦስት መንገድ አስቤ ተዘጋጅቼ ነበር። በዚሁ መካከል በመስኮት ቁጥር ሦስት ላለችው ሠራተኛዎ ስለ ግሦቹ አቤት ብዬ ነበር፤ እሷም «አባቴ፣ እኔ ራሴ የማነበው መግለጫውን ብቻ ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል» ብላ አጽናናችኝ፣ ቅሬታዬንም ጻፈች። ቅሬታዬ ሰሚ አገኘ! በሳምንቱ መጽሐፉ ሲደርሰን ጾታም ማዕረግም የማይታይበት አዲስ መግለጫ ተለጥፎበታል፦ «ድርጊቱን የፈጸመው አካል አይጥ በመሆኑ ለታዳጊዎች አስጊ አይደለም።»

ክቡርነትዎ፣ ዓይን ሊኩሉ ሄደው የሚያጠፉ እጆች እንዳሉ እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቆንጥር አልተናደደችም፤ ብትናደድ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉን ዘግታ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተወችው። በመንገድ ላይ «አባባ፣ ካወቅነው በኋላ ምን ብለን እናነበዋለን?» አለችኝ። ነገር አያጣም የምባለው ሰው ስለ ዝናቡ አወራሁላት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልነካችም፤ የትምህርት ቤት ወረቀቷን ስሰጣትም ጣቷ ከመስመሩ ሥር ተመልሷል። ፈተናው ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የማንኮራፋበት ሰዓት ሲደርስ አንኮራፋለሁ፤ የሚቀጥል ግን የለም።

ጥርጣሬ ልጅን ያስጨንቃል ብለው አስበው ይሆናል፤ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን እነዚያ መጻሕፍት ጥርጣሬውን የሚሰጧት ገጽ ለመግለጥ እንጂ ለመታመም አይደለም፤ ፊደል ላይ የምትሰናከል ልጅ የምታልፈው ከፊደሉ ወዲያ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። የምለምንዎት ቀላል ነው፦ ወረቀቶቹ ይነሡ። ሰው ካነሰዎት እኔ እመጣለሁ፤ ተለጣፊ ነገር ሳይቀደድ ማንሳት ለእጄ ቀላል ነው፣ መስኮት ቁጥር ሦስት አጠገብ ወንበር ብቻ ይስጡኝ።

ለልጆቻችን እንቅልፍ በመጨነቅ የራስዎን ያጡ፣ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የመጻሕፍቱን ጭንቀት ያነበቡ ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ውለታዎን የምከፍልበት ጊዜ እንዳያጥረኝ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ በማለት፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ለማለትም የሰው እጅ እየፈለግሁ እሰናበታለሁ።

የቆንጥር አያት፣ ቁልፍ ሠሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን ከጨረስኩ በኋላ የምሥራች ደርሶኛል፤ ቆንጥር መግለጫ ያልተለጠፈበት አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያዎ አገኘች፤ የመሥሪያ ቤትዎ የአሠራር መመሪያ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በየቀኑ ታነብልኛለች፤ እንደተኛሁ ስመስልም ሳትጠብቀኝ ትቀጥላለች። ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። «ይለጠፋል»፣ «ይወሰናል»፣ «ይታገዳል» ይላል፤ የሚለጥፈው፣ የሚወስነው፣ የሚያግደው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አንድም ፍንጭ አላገኘንም። እንዲህ ልብ የሚሰቅል መጽሐፍ ገጥሟት አያውቅምና፣ እባክዎን፣ ቢያንስ በዚህኛው ላይ ምንም አይለጥፉበት።